አየር የሚስሙት ሽማግሌ

ጎልባ ከተማ ውስጥ ኳስ ብቻዋን ትንከባለላለች። ዥዋዥዌው ማንም ሳይቀመጥበት ይወዛወዛል፤ የትምህርት ቤቱ በር ይከፈትና ማንም ሳይወጣ ይዘጋል፤ ሴቶች ባዶ አንቀልባ አዝለው ገበያ ይሄዳሉ። ከከተማዋ በላይ በትልቅ ፊኛ የተንጠለጠለው ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ሁሉ በየስክሪናቸው ሲያዩ አይደንቃቸውም። ከእነሱ አንዷን ስመኝንም በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ዘግንኗት ነበር እንጂ ኋላ ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

አስማት እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ ነው። በየግንቡ፣ በየምሰሶው፣ በየበሩ ጉበን የተለጠፉት ጤፍ የሚያክሉ ካሜራዎች የሕፃን ምስል እንዳያስቀሩ ተከልክለዋል። ሕፃን በፊታቸው ካለፈ ምስሉ ገና ከካሜራው ሳይወጣ ይሰረዝና ቦታው ከኋላው ባለው ግድግዳ ወይም መንገድ ይሞላል። ሕጉ የወጣው ለደግ ነበር። ቀደም ባለው ዘመን የልጆች ምስል በክፉ ሰው እጅ እየወደቀ ስንት እናት አልቅሳለች። ስለዚህ ጣቢያው የሚያውቃት ጎልባ ልጅ የሌለባት ከተማ ነች።

ጣቢያው እዚያ የተሰቀለበት ምክንያት የጎልባ አፈር ነው። በአያት በቅድመ አያት ዘመን ያረጁ ባትሪዎች ይቀልጡባት ስለነበር፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል። ይህ መርዝ በገላ ላይ ቢያርፍ እምብዛም ነው፤ የሚጎዳው በአፍ ሲገባ ነው። እናም ጣቢያው የሚከታተለው የሰውን እጅ ነው፤ እጁ ምን ነካ፣ ከነካ በኋላስ ስንቴ ወደ አፍ ሄደ። ይህን ሁሉ ከቪዲዮው ላይ የሚለቅመው መሣሪያ ሙሉ ስሙ አንድ መስመር ይሞላል፤ ሠራተኞቹ ግን “ቆጣሪዋ” ብለው ይገላገሉታል፣ እንደ መብራት ቆጣሪ። ቆጣሪዋ ንክኪውን ሁሉ እየለየች ስም ትሰጠዋለች፤ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ፣ ጥፍር መንከስ፣ ጥርስ መጎርጎር። ግራ የገባትን ለስመኝ ትልከዋለች። ስመኝ ተመልክታ ስም ታወጣለታለች። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት “የእጆች ክርስትና እናት ነኝ” ትላለች።

ለአንድ ዓመት ብላ የመጣች ሴት ሁለተኛውን ልታገባድደው ነው። ከጣቢያው የወረደ ሰው አቧራ ይዞ ተመልሶ ልኬቱን እንዳያበላሽ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይመለስም፤ ስለዚህ መውረድ ማለት ሥራውን መተው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ “ትንሽ ልጨምር” ያለችው ራሷ ነበረች። ልጇን ያፌትን ፍኖተ ሰላም እናቷ ዘንድ የተወችው ገና አፉ ሲኮላተፍ ነበር፤ አሁን ጤፍ የሚቆላ ምላስ አውጥቷል። የራሷ እናት ልጅ አጥተው ዓመታት ከቆዩ በኋላ ብትወለድላቸው ነው “ስመኝ” ያሏት፣ ስመኝ ስመኝ መጣሽልኝ ሲሉ። ዛሬ ግን የምትመኘው እሷው ሆና ቁጭ ብላለች።

የዚያን ሰሞን ጣቢያውን ያስጨነቀው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከከተማዋ አዋቂዎች ሁሉ በየወሩ የደም ጠብታ ተወስዶ ወደ ጣቢያው ይላካል፤ የሁሉም ደም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠራ መጥቷል። የሽማግሌው ግን ይብሱን ይጨምራል። ቤታቸው ታጠበ፣ ውኃቸው ተመረመረ፣ የሚበሉት እህል ተፈተሸ። ምንም የለም። ቆጣሪዋ ደግሞ በያንዳንዱ ቀን ያንኑ ትደግማለች፤ “አየር ነኩ፣ ወደ አፍ። አየር ነኩ፣ ወደ አፍ።” በመጨረሻ የግድ ስም ስጪ ሲሏት፣ ካሏት ስሞች ሁሉ የሚቀርበውን መርጣ “አፈር መብላት” አለች።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ፈትለወርቅ ይህን ስም ተቀብለውታል።

“ያረጀ ሰው አንዳንዴ እንደ ነፍሰ ጡር አፈር ያምረዋል” አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። “አዲስ ነገር አይደለም።”

“አፈር ቢበሉ ኖሮ መዳፋቸው ላይ ይገኝ ነበር ዶክተር፤ ጥፍራቸው ውስጥም” አለች ስመኝ። “እጃቸው ሲጠረግ መርዙ የተገኘው በቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ ብቻ ነው።”

“በሦስት ጣት ቆንጥረው ይሆናላ፣ እንደ ጨው።”

“ከየት ቆንጥረው? እጃቸው መሬት አይነካም። የሚነኩት አየር ነው፤ አየር ቆንጥረው ወደ አፋቸው።”

ዶክተር ፈትለወርቅ ሳቁ። “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!” ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም። “ስሚኝ ልጄ። ነገ ጎልባ ጸድታለች የሚለው ሪፖርት ይሄዳል። የልጆቹንም መጠን ከወላጆቻቸው ተነሥተን አስልተነዋል፣ ደህና ነው። ምልክት ሳይታይ ሕፃን ለደም ምርመራ በመርፌ አይወጋም፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። የቀሩን እኚህ ሰው ናቸው። አፈር በላ ከተባሉ ለሕክምና ሌላ ከተማ ይወሰዳሉ፣ የጽዳቱም ሥራ ይዘጋል። የተሻለ ምክንያት ካለሽ እስከ ነገ አምጪልኝ፤ ከሌለሽ ስሙን አጽድቂው።”

ስመኝ ስክሪኗ ፊት ተመልሳ ተቀመጠች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያረጀ ካፖርት፣ ሰፊ ባርኔጣ። ጎንበስ አሉ። ሦስት ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ፊት ሰደዱ፣ ባዶው ላይ ለስለስ አድርገው አሳረፉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው መለሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተው ደገሙት፣ አሁን ትንሽ ዝቅ ብለው። እንደገናም ሠለሱ። ስመኝ ምስሉን አቅርባ አየችው፣ አራርቃ አየችው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር አይታ እንደሆነ ዓይኗን ግንባር ያድርገው።

እኚህ ሰው የሞተ ሰው ናፍቀው ቢሆንስ? ሚስታቸውን ይሆን? ብቻቸውን ሲኖሩ አእምሯቸው ተነክቶ፣ ያጡትን ሰው በራቸው ላይ እያዩት ይሆን? አሁን እሷ “አጽድቄአለሁ” ስትል መኪና መጥቶ ከዚያች ድንጋይ ላይ ሊያነሣቸው ነው። ከሁሉ የገረማት ግን በፈገግታቸው መቅናቷ ነበር። እሷ እንዲያ ፈገግ ካለች ስንት ጊዜዋ።

ከምሳ በኋላ ፍኖተ ሰላም ደወለች፤ ሕጉ የቤተሰብን ስልክ አይነካም። ያፌት ስክሪኑን ከአያቱ እጅ ነጥቆ ብቅ አለ።

“ስመኝ! ስመኝ! ጥርሴ ተነቃነቀ!”

በስሟ ነው የሚጠራት። “እማዬ” የሚላት አያቱን ነው። ማን ይፈርድበታል፣ ከአያቱ አፍ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ስመኝ ግን በጠራት ቁጥር አንጀቷ ቁርጥ ይላል፤ አንድም ቀን አልለመደችውም።

“እስቲ የቱ ነው? አሳየኝ።”

ልጁ አፉን በጣቱ ወደ ጎን ስቦ ጉንጩን ካሜራው ላይ ለጠፈው። ስክሪኑን የሞላው ጉንጭ ብቻ ሆነ፣ ማንጎ የደረቀበት ክብ ጉንጭ። ስመኝ አላሰበችበትም። ሦስት ጣቷን ሰብስባ መስታወቱን ነካችው፤ ከዚያ ጣቷን ሳመች።

“መስታወት ነካች፣ ወደ አፍ” አለች ቆጣሪዋ ከጣራው ላይ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ድምጿ። “ስም ያልተገኘለት ንክኪ።”

ቆጣሪዋ የጣቢያውንም ሰው እጅ ትቆጥራለች፤ ይህ የታወቀ ነው፣ ስለዚህም ማንም ጆሮ አይሰጣትም። ስመኝ ግን ጣቷ ከንፈሯ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

“ምነው? ምን አየሽ?” አሉ እናቷ ከልጁ ኋላ።

“እማዬ፣ ይሄ ነገር ስሙ ምንድን ነው?”

“የቱ?”

“ልጅ ነክቶ ጣትን መሳም። ጉንጩን እንዲህ አድርጎ፣ ከዚያ እንዲህ።”

“ምን ይባላል፣ መሳም ነዋ!”

“መሳምማ በከንፈር ነው። የዚህ የብቻው ስም?”

“እኔ እንጃ ልጄ። ስም ያለውም አይመስለኝ። የሰው ልጅ በፊትሽ ሲያልፍ እጅሽ ራሱ ያደርገዋል እንጂ ማን ስም ያወጣለታል? ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሻል?”

ስመኝ “መልሼ እደውላለሁ” ብላ ዘጋችና የራሷን ምስል ከጣራው ካሜራ አስመጣች። አንዲት ሴት ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። ያፌት ሕፃን ነውና ተሰርዟል፤ በስክሪኑ ላይ የእናቷ መጋረጃ ብቻ ይታያል። ሴትየዋ ባዶውን መጋረጃ ነካች፣ ጣቷን ሳመች፣ ፈገግ አለች። የሽማግሌው ፈገግታ ነበር፣ ቁርጥ እሱ።

መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው። እኚህ ሰው አላበዱም! አፈርም አልበሉም! የከተማው ልጆች ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በራቸው ላይ እያለፉ ጉንጫቸውን ያስነካሉ፤ አለቀ። ይህን አስባ ከወንበሯ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። መርዙ የተገኘው በጣታቸው ጫፍ ላይ ነው። ጣታቸው የነካው ደግሞ የልጆቹን ጉንጭ ብቻ ነው። በሦስት ጣት ጫፍ የተለቀመ አቧራ አንድ አዛውንት ካሳመመ፣ ቀኑን ሙሉ እጁን የሚልስ፣ ጭቃ የሚያቦካ፣ ፊቱን በክንዱ የሚጠርግ ልጅ ስንት ውጦ ይሆን? ያን የሚቆጥር ዓይን የለም። ሁሉም ተሰርዘዋል።

ዶክተር ፈትለወርቅ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻቸው፤ ሽማግሌውንና ራሷን።

“ምልክት ሳይታይ ሕፃን አይወጋም ብለውኛል ዶክተር። ምልክቱ እኚህ ሰው ናቸው። ጎልባ ውስጥ የልጆቹን መርዝ የለካ ከእሳቸው ጣት በቀር ሌላ የለም።”

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይቺን መሣሪያ የሠሯት የውጭ አገር ሰዎች ልጅ የሚስሙት በከንፈራቸው ብቻ ነው፤ ይህን ከየት ያምጡት? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ነገሩ።” መነጽራቸውን ጠረጉ። “እሺ እነሱስ እንግዳ ናቸው። እኔስ? የሦስት ልጆች እናት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያቺ ኳስ ብቻዋን ስትንከባለል እያየሁ ስቄ አልፋለሁ። መትቷት የሚሮጥ እግር እንዳለ እያወቅሁ!” ሪፖርቱን ከስክሪናቸው ላይ ዘጉት። “ሪፖርቱ አይሄድም። አሁን የሚያስፈልገኝ ወርዶ ልጆቹን በዓይኑ በብረቱ የሚያይ ሰው ነው። የወረደ ግን አይመለስም።”

“እኔ እወርዳለሁ” አለች ስመኝ፣ ሳታስበው።

ዕቃ ማውረጃው ሳጥን መሬት ሲነካ መጀመሪያ የደረሳት ድምፅ ነው። ስክሪኑ ድምፅ አልነበረውም። ጎልባ ትንጫጫለች! በየአጥሩ ላይ ልጅ፣ በየዛፉ ላይ ልጅ፣ አንቀልባው ሁሉ ሙሉ። ስመኝ መንገዱ መሐል ቆማ እንደ ሞኝ አለቀሰች፤ ልጆቹ ደግሞ የምታለቅስ ትልቅ ሰው በማግኘታቸው ተደስተው ከበቧት።

ነርሶች ተከትለዋት ወርደው የልጆቹን ደም ወሰዱ። እንደፈራችው ሆነ፤ ከፍ ብሏል፣ ደግነቱ መድኃኒት የማይመልሰው አልነበረም። ምንጩም ተገኘ። ከአሮጌው ፋብሪካ አጥር ኋላ ልስልስ ያለ ግራጫ ጭቃ አለ፤ መኪናና በሬ ለመሥራት የሚመች። አዋቂ ስለማይደርስበት ካሜራም አልተለጠፈበትም። ቦታው ታጠረ፣ አፈሩ መዛቅ ጀመረ። አንድ ትእዛዝም ለከተማው ሁሉ ተነገረ፤ ከተማዋ እስክትጠራ ድረስ ልጅ የነካ እጅ ወደ አፍ እንዳይሄድ።

ትእዛዙን ለሽማግሌው ለመንገር ስመኝ ራሷ ሄደች። ስማቸው ጋሽ በዳሶ ነው።

“እንግዲህ የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?” አሏት፣ ድንጋያቸው ላይ ቦታ እየለቀቁላት።

“እነሱ ናቸው፣ ጋሽ በዳሶ። እርስዎ ባይኖሩ አናውቅም ነበር።”

“አሁን ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?”

“ልጆቹን ነክተው ጣትዎን እንዳይስሙ።”

ጋሽ በዳሶ መንገዱን አዩ። “የኔዎቹ አድገው በየአገሩ ሄደዋል። ይደውላሉ፣ አይረሱኝም፣ ይባረኩ። ግን ስልክ ጉንጭ የለውም። እኔ በቀን አንድ ሕፃን ካልነካሁ የበላሁት አይረጋልኝም።” ከዚያ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። “ለነሱ ከሆነ ይሁን።”

በነጋታው ልጆቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ጉንጫቸውን ሰጡ። የሽማግሌው እጅ ግን ከኪስ አልወጣም። “እደጉ፣ እደጉ” ይላሉ ጋሽ በዳሶ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው። ትንንሾቹ የተቆጧቸው መስሏቸው በዝግታ እያለፉ ደጋግመው ዞር ብለው ያያሉ። ላይ ጣቢያው ውስጥ ቆጣሪዋ የሽማግሌውን እጅ “ዜሮ” ብላ ትናገር ይሆናል፤ ሠራተኞቹም ተመስገን ይሉ ይሆናል። ስመኝ ግን ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ቆማ ስታየው፣ ሰውን ከመርዝ ማዳንና ሰውን ከሰው መለየት እንዴት እንዲህ እንደተቀራረቡ ግራ ገባት። ይህን ያደረገችው እሷ ነበረች፤ ትክክልም ነበረች፤ አንጀቷ ግን አልተቀበለውም።

ነርሶቹ ከመንገዱ ማዶ የውኃ ሮቶ ተክለው ልጆቹን ፊታችሁን ታጠቡ ቢሉ ሰሚ አጥተው ነበር። ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ከረሜላ ሰጡ፤ ልጆቹ ከረሜላውን ይወስዱና ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ታዲያ ቦንቱ የምትባል ልጅ፣ ያፌትን የምታህል፣ ከሮቶው ሥር ብድግ ብላ ጋሽ በዳሶ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ውኃው ከአገጯ ይንጠባጠባል፤ ቀሚሷ ደረቷ ድረስ ርሷል።

“ጋሼ፣ ታጥቤአለሁ!”

“አይሆንም ልጄ፣ ተከልክሏል።”

“ታጥቤአለሁ እኮ! እዩኝ!”

ጋሽ በዳሶ ስመኝን አዩ። ስመኝ የመመርመሪያውን ነጭ ጨርቅ አውጥታ የልጅቷን ጉንጭ ጠረገች፣ በእጇ ካለችው ትንሽ መሣሪያም ከተተችው። ልጅቷም ሽማግሌውም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ።

“ንጹሕ ነች” አለች ስመኝ።

የጋሽ በዳሶ እጅ ከኪስ ወጣ። ሦስት ጣት ርጥቡ ጉንጭ ላይ አረፈ፣ ወደ ከንፈር ተመለሰ። ጋሽ በዳሶ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ሸፈኑ። በማግስቱ ሮቶው ሥር የልጅ ግፊያ ሆነ። ውኃው እስኪያልቅ ታጥበው፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ፣ ጉንጫቸውን አስጠርገው ድንጋዩ ፊት ተሰለፉ።

ከሳምንታት በኋላ ዶክተር ፈትለወርቅ ከላይ ደወሉ።

“ስመኝ፣ ምን እየሆነ ነው? ቆጣሪዋ ንክኪው በእጥፍ ጨመረ ትላለች፤ መርዙ ደግሞ ቀነሰ። የአዋቂውም የልጁም ደም ወርዷል። ተበላሽታ ነው?”

“አልተበላሸችም ዶክተር። ልክ ነች።”

“በይ እንግዲህ ስም ስጪው፣ የእጆች ክርስትና እናት። ምን ብዬ ልመዝግበው?”

“ስም የለውም። እንዲሁ ይተዉት።”

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ቦንቱ ፊቷ ቆማለች፣ ዛሬም ርሳ። “አንቺም ንኪኝ” አለቻት።

ስመኝ ተንበረከከች። ጉንጩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሥሩ ግን ሙቀት አለው፣ መስታወት የሌለው ሙቀት። ጣቷን ስትስም የሳሙና ጣዕም ከንፈሯ ላይ ቀረ። የሁለት ዓመት ናፍቆቷ ባንድ ጊዜ መጣባት።

“የማን እናት ነሽ?” አለች ቦንቱ። ጎልባ ውስጥ ሴት የምትጠራው በልጇ ነው።

“የያፌት።”

ቦንቱ ስመኝን በቀኝ በኩል አየቻት፣ ዞራ በግራ በኩል አየቻት፣ ከኋላዋም ፈለገች። የጎልባ ልጆች ካሜራው እንደማያያቸው ያውቃሉ፤ ጨዋታ ሁሉ አውጥተውበታል። ልጅቷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠየቀች።

“የታለ? እሱም እንደኛ ተሰርዞ ነው?”

ስመኝ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። በአየር ላይ ተቀምጣ የሌላ ሰው ልጆችን በሚሰርዝ ዓይን ጎልባን ስትመለከት የኖረችባቸው ቀኖች ሁሉ በፊቷ አለፉ። የራሷን ልጅ ከዓይኗ ያራቀ ሕግ ግን የትም አልተጻፈም ነበር።

“አዎ” አለች። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። “ቦንቱዬ፣ መናኸሪያው በየት በኩል ነው?”

ልጅቷ እጇን ያዘችና መንገዱን ታሳያት ጀመር።